አዲስ ኮክስን ማሠልጠን፦ በተማሪ የቀዘፋ ክለብ ኃላፊነት ለወሰዱ መመሪያ

ስምንት ቀዛፊ በሚይዝ የውድድር ጀልባ ላይ የሚሄድበትን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ፊቱን ወደ መድረሻው አድርጎ ይቀዝፋል፤ እዚህ ግን ስምንቱም ጀርባቸውን ለመድረሻቸው ሰጥተው ይቀመጣሉ። ዘጠነኛው ሰው፣ ኮክስ የሚባለው፣ በጀልባው የኋላ ጫፍ ፊቱን ወደ እነሱ አድርጎ ይቀመጥና ይመራል፣ ያዛል፣ አደጋ ሲመጣ ያስቆማል። በኦክስፎርድ ኮሌጆች ይህን ሥራ የሚቀበለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የቀዘፋ ጀልባ በቅርብ አይቶ የማያውቅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው።

ክለቦቻችን ለጀማሪ ቀዛፊዎች አሠልጣኝ ይመድባሉ፣ በመቅዘፊያ ማሽን ያለማምዳሉ፣ የሳምንት ዕቅድ ያወጣሉ። ለጀማሪ ኮክስ ግን የመንሳፈፊያ ጃኬት ይሰጡና «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» ብለው ወደ ወንዝ ይልካሉ። ጀልባው ዳርቻ ሲገጭ ሁሉም ዞሮ እሷን ያያል። በኖቬምበር መጨረሻ ላይ «ኮክሶቻችን ለምን ይተዉናል?» ብሎ የሚጠይቅ ካፒቴን ሁሉ መልሱን ከዚሁ ይጀምር። ኮክስም እንደ ቀዛፊ ትሠለጥናለች፤ ለሥልጠናዋም በስም የሚታወቅ ኃላፊ ያስፈልጋታል።

ይህን የምጽፈው በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ገብተው የክለብ ኮሚቴ ውስጥ ራሳቸውን ላገኙ ወገኖቼ ነው። ምሳሌዎቼን የምወስደው በኦክስፎርድ ከተማ ከሚያልፈው የቴምዝ ክፍል፣ አይሲስ ከሚባለው ነው። «እሷ» እያልኩ የምጽፈው ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ ነው እንጂ ሥራው ጾታ አይለይም። በኦክስፎርድና በካምብሪጅ መካከል በሚደረገው ዓመታዊ የወንዶች ውድድር ሱ ብራውን የኦክስፎርድን ጀልባ መርታ ያሸነፈችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነበር፤ ሴት ኮክስ በዚያ ውድድር ስትቀመጥም የመጀመሪያዋ ነች። በዓለም አቀፍ ደረጃም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኮክስ ከቀዛፊዎቹ ጋር ተመሳሳይ ጾታ እንዲኖረው አይጠየቅም። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ብር ያገኘውን የኒውዚላንድ የሴቶች ጀልባ የመራው ኬሌብ ሼፐርድ ወንድ ነው።

ማንን እንመልምል?

በኦክቶበር የአዲስ ተማሪዎች መቀበያ ቀን ቁመቷ አጠር ያለ ተማሪ በጠረጴዛው አጠገብ ስታልፍ ሁሉም ክለብ ይጠራታል። ቀላል ሰው መፈለጉ ምክንያት አለው፤ ግን ወሰንም አለው። የዓለም ቀዘፋ ፌዴሬሽን ለኮክስ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክብደት 55 ኪሎ ነው፤ ከዚያ በታች የሆነች ኮክስ የጎደላትን በጭነት ሞልታ ትቀመጣለች። ስለዚህ ስለ ክብደቷ በቀልድም ቢሆን እንዳይነሳ ከመጀመሪያው ቀን ከልክሉ። ይህ ለድርድር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም፤ በምግብና በሰውነት ላይ የሚጣል ቀልድ ሰው ጎድቶ ያውቃል።

የምትፈልጉት ዙሪያዋን የምታይ፣ ስትደነግጥ የማትፈዝ፣ ስትሳሳት «ተሳስቻለሁ» ብላ የምትቀጥል ሰው ነው። ይህን ደግሞ በመመዝገቢያ ጠረጴዛ ላይ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ለአንድ ጀልባ ሁለት ኮክስ መልምሉ። አንዷ ጽሑፍ የምታስረክብበት ቀን ሲደርስ ወይም ስትታመም ስምንት ሰው ጎህ ሲቀድ ተነስቶ በከንቱ አይመለስም፤ ሁለቱም እርስ በርስ ይማማራሉ።

የተጎዳ ቀዛፊን «እስኪሻልህ ኮክስ ሁን» ማለት የተለመደ ነው። ለአንድ ቀን ይሁን። የኮክስ ወንበር የማረፊያ ቦታ እንደሆነ ማስመሰሉ ግን ኮክስነትን ለመረጡት ንቀት ነው።

ከውኃ በፊት ያለው ሳምንት

በቅድሚያ የመዋኛ ፈተናውን፣ በዩኒቨርሲቲው የቀዘፋ ክለቦች ማኅበር የሚጠየቀውን ምዝገባና የኮክስ ፈተና አስጨርሷት። ይህ የወረቀት ሥራ ስለሆነ አልሄድበትም።

ቀጥሎ ብስክሌት አውሷት። አይሲስ ጠባብ ስለሆነ አሠልጣኞች ብዙ ጊዜ ጀልባውን የሚከተሉት ከወንዙ ዳር ባለው መንገድ በብስክሌት ነው። አዲሷ ኮክስ ሁለት ጠዋት ያህል ከአሠልጣኙ ጋር እየነዳች አንድ ልምድ ያለው ኮክስ የሚሠራውን ትስማ፣ ትይ። ከጀልባ ቤቶቹ ተነስቶ እስከ ኢፍሊ ሎክ (ጀልባ የሚያልፍበት የውኃ በር) ድረስ ያለው ርቀት ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ላይ የዶኒንግተን ድልድይ የት እንዳለ፣ «ገት» የሚባለው ጠባብ መታጠፊያ የት እንደሚጀምር፣ ጀልባዎች በየትኛው በኩል እንደሚወጡና በየትኛው እንደሚወርዱ፣ የት ቦታ መዞር እንደሚፈቀድ ከመሬት ላይ ትወቅ። ካርታ በእጇ ስላ ብትመጣና ብታርሟት የበለጠ ይጠቅማል።

ከዚያ ጀልባውን በማስቀመጫ እግሮቹ ላይ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ስጧት። በፊተኛው ጫፍ ያለውን የጎማ ኳስ ትንካ፤ ግጭት ቢፈጠር የሌላ ሰው ጀርባ እንዳይወጋ የሚከላከለው እሱ ነው። ከጀልባው ጋር በተሰካው በእያንዳንዱ ጫማ ተረከዝ ላይ ያለውን ገመድ ትሳብ፤ ጀልባው ቢገለበጥ ቀዛፊው እግሩን በቀላሉ እንዲያወጣ ገመዱ አጭርና ጠንካራ መሆን አለበት። የአየር ክፍሎቹ ክዳን መዘጋቱን ትይ። ይህን ፍተሻ በየመውጫው የምታደርገው እሷ ስለሆነች ለምን እንደሚደረግ ከገባት አትዘለውም።

በዚሁ ጊዜ ወደ መሪው ሂዱ። የስምንት ሰው ጀልባ መሪ የእጅ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ናት፤ ከኋላ ታችኛው ክፍል ላይ ተሰክታ ከሁለቱም ጎን በገመድ ወደ ኮክሷ ትመጣለች። አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ እጇን ወደ ፊት ስትገፋ ጀልባው ወደ ቀኝ፣ ግራውን ስትገፋ ወደ ግራ ይሄዳል። ሆኖም ገመዱ ተጠላልፎ የታሰረ ጀልባ ስለሚያጋጥም በቃል አትመኑ። አንዳችሁ ገመዱን ግፉ፣ እሷ ከኋላ ሄዳ መሪዋ ወዴት እንደዞረች ትይ። መሪዋ ወደ ዞረችበት ጀልባው ይዞራል።

የመጨረሻው የመሬት ላይ ሥራ በመቅዘፊያ ማሽን አዳራሽ ነው። አራት ቀዛፊዎች በተርታ ይቀመጡ፣ እሷ ከፊታቸው ተቀምጣ ታስጀምር፣ ታስቁም፣ በደቂቃ 20 ምት የነበረውን ወደ 24 ታሳድግ። እዚህ ብትሳሳት ማንም አይሰምጥም። አንደበቷ የሚፈታው በዚህ ነው።

ስለ አለባበስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀዛፊዎች ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያልባቸዋል፣ ኮክሷ ግን ሰዓት ተኩል ሳትንቀሳቀስ ትቀመጣለች። በጃንዋሪ ይህ ቀልድ አይደለም። ውኃ የማያስገባ ሱሪ፣ ድርብ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ገመድ ለመያዝ የማያስቸግር ጓንት ያስፈልጋታል። ክለቡ ለቀዛፊዎች ልብስ የሚገዛ ከሆነ ከዚያው በጀት ለእሷ ወፍራም ጃኬት ይግዛ። የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይለበስ፤ በወፍራም ጃኬት ውስጥ የተለበሰ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሲነፋ ደረቷን ይጨቁናል። ኮክስ ከፊት ተጋድማ በምትገባበት የአራት ሰው ጀልባ ላይ በራሱ የሚነፋ ጃኬት ፈጽሞ አይለበስ። ጀልባው ተገልብጦ እሷ ሳትወጣ ጃኬቱ ቢነፋ መውጫ ይዘጋባታል። እዚያ የሚለበሰው በእጅ ተስቦ የሚነፋው ዓይነት ነው። ጀማሪን መጀመሪያውኑ በዚያ ጀልባ ባታስገቡ ይመረጣል።

የመጀመሪያው መውጫ ከማን ጋር ይሁን?

ክለቦች በልማድ ጀማሪ ኮክስን ከጀማሪ ቀዛፊዎች ጋር ያወጣሉ። የላይኛዎቹ ጀልባዎች ኮክሳቸውን ማዋስ ስለማይፈልጉ የሚደረግ ነው፤ ውጤቱም ከሁለት ያጣ ነው። ጀልባው ወደ ግራ ሲሄድ እሷ ስለመራችው ይሁን ወይስ ሦስት ቀዛፊዎች መሳብ ስለተዉ አታውቅም። ትእዛዟ ስህተት ይሁን ወይስ ትእዛዙን የሚያውቅ ስለሌለ ይሁን አይለይላትም።

ስለዚህ አቀያይሩ። አዲሷ ኮክስ በመጀመሪያዎቹ መውጫዎች መቅዘፍ ከሚችሉ ጋር ትቀመጥ፤ ልምድ ያላት ኮክስ ደግሞ ጀማሪ ቀዛፊዎቹን ትውሰድ። የአንደኛ ጀልባ ቀዛፊዎች «ጠዋታችን ባከነ» ብለው ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ። ዝግ ብሎ ቴክኒክ የሚሠራበት ቀን ይመረጥላቸውና ሥልጠናቸውም አይባክንም።

የወንዙን ባንዲራ ማየት የናንተ ግዴታ ነው። በኦክስፎርድ የቀዘፋ ክለቦቹ ማኅበር የወንዙን ሁኔታ በባንዲራ ቀለም ያስታውቃል። አረንጓዴ ሲሆን ሁሉም ይወጣል፣ ቀይ ሲሆን ማንም አይወጣም፤ በመካከል ያሉት ቀለማት ጀማሪ ኮክሶችንና ጀማሪ ቀዛፊዎችን ደረጃ በደረጃ ያግዳሉ። «ትንሽ ነው የጨመረው፣ ትችላለች» የሚል ካፒቴን የሚፈርደው በራሱ አይደለም፤ በእሷ ነው።

ጀልባውን ከቤት ማውጣት

የኮክስ ሥልጣን የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው ጀልባው ውኃ ሳይነካ ነው። ጀልባው ብቻውን 96 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ርዝመቱ ከ17 ሜትር ይበልጣል፣ ከጎኑ መቅዘፊያ የሚሰካባቸው የብረት ክንዶች ወጥተዋል። ጎረቤት መደርደሪያ ላይ ያለውን ጀልባ አንዱ ክንድ ቢጭረው ጥገናው ብዙ ገንዘብ ያስወጣል።

አቀማመጧን አስተምሯት። ከፊት ሆና መንገድ መምራት ያምራታል፤ የምትቆመው ግን ክንዶቹንና የበሩን መቃን አንድ ላይ በምታይበት ቦታ ነው። «ሃንድስ ኦን» ስትል ሁሉም እጁን ጀልባው ላይ ያሳርፋል፤ ዝም እስኪሉ ትጠብቅ። «ሊፍት» ከማለቷ በፊት ሁሉንም አንድ በአንድ ትይ። አንድ ሰው ስለ ትናንትናው ግብዣ እያወራ ከሆነ አታንሳ። ከበሩ ሲወጡ የፊቱ ጫፍ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላው ወደ ግራ እንደሚወረወር አስቀድማ ለኋለኞቹ ትንገር።

እዚህ ላይ ከአስተዳደጋችን የሚመጣ አንድ ችግር አለ። ብዙዎቻችን «ዝምታ ወርቅ ነው» እየተባልን፣ ታላቅ ፊት ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር እንደሆነ ተነግሮን ነው ያደግነው። ከዚያ ቤት የወጣች የ18 ዓመት ልጅ ቁመቱ ሁለት ሜትር ለሚጠጋ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ «አቁም» ማለት ይከብዳታል። «እባካችሁ ብትችሉ ትንሽ ቆም እንበል» ስትል ጀልባው አሥር ሜትር ሄዷል። ይህን ዓይናፋርነት በተግሣጽ አታስለቅቁትም። ትእዛዙ ስድብም ድፍረትም እንዳልሆነ፣ ቀዛፊዎቹ እንዲታዘዙ የሚጠብቁት ራሳቸው እንደሆኑ ከነሱ አንዱ ይንገራት። ከካፒቴን ይልቅ ቀዛፊ ሲነግራት ታምናለች።

መምራት

ጀማሪ ኮክስ ሁሉ አብዝታ ትመራለች። መሪዋን ስትገፋ ጀልባው ወዲያው አይመልስም፤ ምላሹ ከአንድ ሁለት ምት በኋላ ነው የሚመጣው። ያልሠራ መስሏት ትጨምራለች፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጡና ጀልባው ከሚገባው በላይ ይዞራል፣ ተደናግጣ ወደ ሌላው ትገፋለች። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ጀልባው እየተጥመዘመዘ ይሄዳል። ልምምዱን በዚህ ቅደም ተከተል ስጧት።

በመጀመሪያ ቀጥ ባለ ቦታ፣ ባዶ ወንዝ ላይ፣ ጥቂት ምት ያህል መሪዋን ሳትነካ ጀልባው በራሱ ወዴት እንደሚሄድ ትመልከት። ከጎን ነፋስ ካለ ይገፋዋል፣ አንዱ ወገን ጠንክሮ ከሳበ ያዞረዋል። የጀልባውን ጠባይ ካላወቀች ምን እንደምታርም አታውቅም።

ከዚያ እጆቿን በጀልባው ጠርዝ ላይ አሳርፋ በጣት ያህል ብቻ ትግፋ፣ ሁለት ምት ትጠብቅ፣ ትይ። ካስፈለገ ትጨምር። እጆቿ አየር ላይ ከተንጠለጠሉ ጀልባው በተነቃነቀ ቁጥር ሳታውቀው ትመራለች። እግሯን አጥብቃ ትደግፍ፣ ሰውነቷም አይዘንበል፤ ለማየት ወደ ጎን ባጋደለች ቁጥር ስምንት ሰው ሚዛኑን ያጣል።

መሪዋን የምትነካበትን ጊዜም ትምረጥ። መቅዘፊያዎቹ ውኃ ውስጥ ሆነው ሲሳቡ ጀልባው የተደገፈ ስለሆነ ብዙም አያጋድልም። ሁሉም መቅዘፊያዎች አየር ላይ ሆነው ቀዛፊዎቹ ወደ ፊት ሲንሸራተቱ ግን በክር ላይ እንዳለ ነው፤ ያኔ መሪ መግፋት ሚዛን ያናጋል።

ዓይኗን ሩቅ ታድርግ። የመንገዱ መጨረሻ ላይ አንድ ዛፍ ወይም የድልድይ ምሰሶ ትምረጥና ወደዚያ ትሂድ። ከፊቷ የተደረደሩት ስምንት ሰዎች ቀጥታ ያለውን ስለሚከልሉባት ከፊት ለፊቷ በሚቀመጠው በዋናው ቀዛፊ በግራም በቀኝም ትከሻ እያሳለፈች ታይ። አንድ ሰው ብቻ የያዘች ትንሽ ጀልባ ወይም የዳክዬ መንጋ በዚያ ክልል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊሰወር ይችላል። አይሲስ ላይ ዳክዬዎቹ መንገድ አይለቁም፤ ዝዮቹ ደግሞ የሚለቅ ካለ አንተ ነህ ብለው የሚያምኑ ይመስለኛል።

መታጠፊያ ላይ ቀድማ ትጀምር። ጀልባው የሚዞረው መሐሉን ይዞ ስለሆነ የፊቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ እሷ የተቀመጠችበት የኋላው ወደ ውጭ ይወጣል። በገት መታጠፊያ ላይ የፊቱን ጫፍ ብቻ ያየች ኮክስ ኋላዋን ዳርቻ ላይ ታስመታለች። መሪዋ ብቻ ካልበቃች ከውጭ በኩል ያሉት ቀዛፊዎች ጠንክረው እንዲስቡ ትጠይቅ።

ጀልባው ቆሞ ሳለ ማስተካከል ሌላ ጣጣ ነው፤ ሁሉም ጀማሪ ይደናገርበታል። በተለመደው አደራደር ከፊት ጫፍ ያለው 1 ቁጥር መቅዘፊያው በኮክሷ ቀኝ በኩል ነው፣ 2 ቁጥር በግራዋ። 1 ቁጥር ብቻውን ትንሽ ሲቀዝፍ የጀልባው ፊት ወደ ግራዋ ይዞራል፤ 2 ቁጥር ሲቀዝፍ ወደ ቀኟ። በእጇ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ «1 ግራ፣ 2 ቀኝ» ብላ ብትጽፍ ማንም አይስቅባት። ቀዛፊዎች ወደ ኋላ ዞረው ስለሚቀመጡ የእነሱ ቀኝ የእሷ ግራ ነው። «ቀኝ» እና «ግራ» እያለች ብታዝ ግማሹ በራሱ፣ ግማሹ በእሷ ይተረጉመዋል። በቁጥር ወይም በወገን ስም፣ «ባው ሳይድ» እና «ስትሮክ ሳይድ» እያለች ትዘዝ፤ የመጀመሪያው በቀኟ፣ ሁለተኛው በግራዋ ያለው ወገን ነው።

ወደ ማረፊያው ሲመለሱ ጀልባው ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይኛው ፍሰት አድርጎ ይጠጋ። ፍሰቱ ከፊት ሲመጣ ያቀዘቅዝላታል፤ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ተሸክሞ ከእንጨቱ ጋር ያላትማታል።

ምን ትበል፣ መቼ ትበል?

በመጀመሪያው ሳምንት ከደኅንነትና ከመጀመር ማቆም በቀር ምንም እንዳትናገር ፍቀዱላት። ብዙ አሠልጣኞች ዝም ያለች ኮክስ ያሳስባቸዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ገና ምን እንደምታይ ሳታውቅ «ጎበዝ፣ በርቱ» እያለች የምትለፈልፈው ናት። ቀዛፊዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ መስማት ይተዋሉ፤ ከዚያ ወዲያ እውነተኛ ትእዛዝ ስትሰጥም አይሰማም።

ትእዛዝ ሦስት ነገር ይዞ ይምጣ፦ ማን፣ ምን፣ መቼ። «ቶሎ በሉ» ትእዛዝ አይደለም። «ስትሮክ ሳይድ፣ እጃችሁን ትንሽ ከፍ፣ ከሚቀጥለው ምት» ግን ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን ሰጥታ ሁለት ሦስት ምት ትጠብቅ፣ ለውጡ ከመጣ «እሱ ነው» ትበል። ቀዛፊው የሠራው ትክክል መሆኑን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም።

ለማቆም የሚባለው «ኢዚ ዜር» አስቀድሞ ይነገራል፤ ምቱ ሳያልቅ ብላ ሁሉም በአንድ ላይ እንዲያቆሙ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት አንድ አንድ የቴክኒክ ነገር ጨምሩላት፤ ለምሳሌ መቅዘፊያዎቹ እኩል ውኃ እንዲገቡ ብቻ እንድትከታተል። እሷ ከኋላ ስለተቀመጠች የስምንቱንም መቅዘፊያ አገባብ በግራና በቀኝ ታያለች፤ አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ የማያየውን።

የድምፅ ማጉያዋ ኮክስ ቦክስ ይባላል፤ ማይክሮፎኑ አፏ አጠገብ ስላለ መጮህ አያስፈልጋትም። ጠንከር ማለትና መጮህ ይለያያሉ፤ ቀዛፊ ሲጮሁበት ትከሻውን ያስራል።

አደጋ

«ሆልድ ኢት አፕ» ስትል ስምንቱም መቅዘፊያቸውን ውኃ ውስጥ አስገብተው ጀልባውን ያቆማሉ። ጀልባው፣ ቀዛፊዎቹና እሷ ተደምረው ሦስት አራተኛ ቶን ይጠጋሉ፤ ፍሬን የለውም። ይህን ማቆሚያ በየመውጫው አንድ ጊዜ ሳይታሰብ አስደርጓት። ደንብ አድርጋችሁም አስቀምጡ፦ ያለ ምክንያት ያስቆመች ኮክስ አትወቀስም። አንድ ጊዜ ተወቅሳ ከሆነ በሚቀጥለው ትጠራጠራለች፤ የምታባክናት አንዲት ሴኮንድ ነች የምታገጨው።

ጀልባው ቢገለበጥ ወይም ቢሞላ ሁሉም ከጀልባው ጋር ይቆያል። ጀልባው ይንሳፈፋል። በብርዱ ወራት ቀዝቃዛ ውኃ ትንፋሽን በድንገት ስለሚያቋርጥ ጎበዝ ዋናተኛም ዳርቻው ቅርብ መስሎት ቢዋኝ ላይደርስ ይችላል። የእሷ ሥራ ቁጥር ማስጠራት ነው፤ ከ1 እስከ 8 እያንዳንዱ ቁጥሩን ይጥራ። የጎደለ ካለ ወዲያው ይታወቃል። ይህን በደረቅ መሬት በቃል አለማምዷት።

ከመውጫው በኋላ ያለው አሥር ደቂቃ

ቀዛፊዎቹ ወደ ቁርስ ሲሮጡ ኮክሷ ብቻዋን ጀልባ ስታጥብ የምትገኝበት ክለብ አለ። ሥልጠናው የሚደረገው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ይህ ልማድ ይቅር። የተመደበላት ሰው፣ ልምድ ያላት ኮክስ ብትሆን ይመረጣል፣ አሥር ደቂቃ ከእሷ ጋር ትቀመጥ። መጀመሪያ ትጠየቅ፦ የት ላይ ጨነቀሽ? ምን ሳታይ አለፈሽ? ከዚያ አንድ የተሻሻለ ነገርና ለሚቀጥለው አንድ የምትሠራው ነገር ይነገራት። አንድ ብቻ። ሦስት ከነገራችኋት አንዱንም አትሠራም።

ስልኳን ውኃ በማያስገባ ከረጢት አድርጋ ድምፅዋን ትቅዳ። የመጀመሪያውን ቅጂ መስማት ለማንም ደስ አይልም፤ ሆኖም «ስንት ጊዜ አንድ ቃል ደጋገምኩ፣ ሳዝ ድምፄ ወደ ጥያቄ ይወጣል ወይ» የሚለውን ከማንም በላይ ያስተምራታል። ቅጂውን ሌላ ሰው ያለ ፈቃዷ አይስማ፣ በቡድን መልእክት አይላክ።

ቀዛፊዎቹም ደንብ ይኑራቸው። ጀልባው ላይ ከኮክሷ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ዋናው ቀዛፊ ዝቅ ባለ ድምፅ ሊያማክራት ይችላል። ሌላው ሰው አስተያየቱን መሬት ላይ ያምጣ፤ ከ5 ቁጥር ወንበር «ወደ ግራ ነው!» ብሎ የሚጮህ ሰው የሚያየው ያለፈውን መንገድ ነው። ይህን ደንብ የሚያስከብረው ካፒቴኑ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።

ወደ ውድድር

በኦክስፎርድ የጀማሪዎች የመጀመሪያ ውድድር በመጀመሪያው መንፈቅ መጨረሻ አካባቢ የሚደረገው የክራይስት ቸርች ሬጋታ ነው። ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን አጭር ርቀት ይወዳደራሉ። በወንዙ ፍሰት ምክንያት ብዙ ጊዜ ስለሚሰረዝ ሁሉንም ተስፋ እዚያ ላይ አታንጠልጥሉ።

ዋናው ፈተና «በምፕስ» ነው፤ በብርዱ ወራት ቶርፒድስ፣ በሙቀቱ ወራት ሰመር ኤይትስ። ጀልባዎች አንድ ተኩል የጀልባ ርዝመት ያህል እየተራራቁ በሰልፍ ይቆሙና መድፍ ሲተኮስ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን አሳድዶ ለመንካት ይቀዝፋል። አራት ቀን ይቆያል። ለኮክስ ከዚህ የሚከብድ ውድድር ብዙ የለም፤ ሌላ ጀልባ ላይ መድረስን በሌላ ጊዜ ሁሉ ስትከለክሏት ከርማችሁ አሁን አድርጊው ትሏታላችሁ።

ስለዚህ ቀደም ብላችሁ አለማምዷት። ከዳርቻው ጋር የታሰረውን ገመድ እስከ ተኩሱ ድረስ ይዛ ተኩሱ ሲሰማ መልቀቅን ትለማመድ፤ ቀድማ ከለቀቀች ጀልባው ተንሸራቶ ይሄዳል፣ ካልለቀቀች ክንዷን ይጎትታታል። ከመነሻው አምስት ደቂቃ ቀድሞ ከሚሰማው ተኩስ እስከ መነሻው ያለውን ጊዜ በሰዓት አስለምዷት፤ ያ ጊዜ እጅግ ረጅም ነው፣ ሁሉም ቀዛፊ አንድ ጥያቄ አለው፣ የምትመልሰው ግን እሷ ነች። ከሁሉም በላይ ግን እጅ ማንሳትን አስተምሯት። ከኋላ የመጣው ጀልባ በነካቸው ቅጽበት እጇን አንስታ መነካታቸውን ትመን። «ምናልባት አልነካንም ይሆን» እያለች ብትዘገይ የኋላው ጀልባ መቅዘፉን አያቆምምና የሚጎዳ ሰው ሊኖር ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በውድድሩ ይለያያል። በሰመር ኤይትስ ነኪውም ተነኪውም ወደ ዳር ይወጣሉ፤ በቶርፒድስ ግን የተነካው ጀልባ ውድድሩን ይቀጥላል። ይህን ልዩነት ከውድድሩ በፊት ባለው ምሽት ጠይቋት፤ ከተደናገረች ሳትተኛ ድገሙላት።

የኮክስ ቦርሳ

ቦርሳው የክለቡ ንብረት ይሁን፤ ከጀልባው ጋር ይውጣ። በውስጡ የመቅዘፊያ ክንዶችን ብሎን የሚያጠብቅ 10 ቁጥር ቁልፍ ሁለት (አንዱ ውኃ ውስጥ መውደቁ አይቀርም)፣ 13 ቁጥር ቁልፍ አንድ፣ የኤሌክትሪክ ቴፕ፣ ትርፍ ብሎን፣ ለተላጠ መዳፍ ፕላስተር፣ በብርድ የሚጠቀለል የፎይል ብርድ ልብስ፣ ፊሽካ፣ ውኃ በማያስገባ ከረጢት የአሠልጣኙና የጀልባ ቤቱ ስልክ ቁጥር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚሞት ኮክስ ቦክስ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ቻርጅ ያላደረገው ሰው ስለጠፋ ነው፤ ስለዚህ ቻርጅ የማድረጉ ሥራ የማን እንደሆነ በጀልባ ቤቱ ሰሌዳ ላይ በየሳምንቱ በስም ይጻፍ፣ ያ ስምም ሁልጊዜ የኮክሷ አይሁን።